ጤና ኬላ የሚጠይቀውና ፈታኝ የሚጠይቀው

ቃለ መጠይቅ በቅጥር ሥርዓት ውስጥ ሲነገር፣ ቀጣሪው ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ ያመለከቱ ሰዎችን ፊት ለፊት እያቀረበ በመጠየቅ የትኛው ለሥራው ይበልጥ እንደሚመጥን የሚለይበት ዘዴ ነው። ከጽሑፍ ፈተና የሚለየውም ውጤቱ በተጠያቂው መልስ ብቻ ሳይሆን በጠያቂው ጆሮ፣ ዓይንና ልማድም ጭምር የሚወሰን በመሆኑ ነው። በጤናው ዘርፍ ይህ ዘዴ ከሌላው መስክ የከበደ ኃላፊነት ይሸከማል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚመረጠው ሰው ነገ በሰው ደጃፍ ቆሞ ስለ እርግዝና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሕፃን ተቅማጥና ለጎረቤት ስለማይነገር ሕመም የሚጠይቅ ሰው ነውና። ይህ ምዕራፍ ጉዳዩን የሚመረምረው ከአመልካቹ ወገን ሆኖ ሲሆን፣ ምሳሌውን የሚወስደውም ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢዎች አንዱ ከሆነው ከቢዮ አዋሌ ነው።

ድሬዳዋ ሲባል በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡር ሐዲድ ዙሪያ የተቆረቆረችው ከተማ ብትሆንም፣ አስተዳደሩ ከከተማዋ ወሰን ባሻገር ሰፊ የገጠር ክፍል አለው። ቢዮ አዋሌም እንደ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ ሁሉ በዚሁ የገጠር ክፍል የሚገኝ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአስተዳደሩ ከተመዘገቡት 341,834 ሰዎች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በከተማ፣ የቀሩት በገጠር የሚኖሩ ነበሩ። በብሔረሰብ ሲታይ ደግሞ ኦሮሞዎች 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌዎች 24 በመቶ ገደማ፣ አማሮች 20 በመቶ ገደማ ነበሩ። የአስተዳደሩ ቻርተር፣ ማለትም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 416፣ የሥራ ቋንቋውን አማርኛ አድርጎታል። በቢዮ አዋሌ ግን በቤት፣ በእርሻና በውኃ መቅጃ የሚሰማው በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። የቦታው ስም የመጀመሪያ ቃል በሶማሊኛ ውኃ ማለት መሆኑ ራሱ አካባቢው ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚገናኝበት ለመሆኑ ትንሽ ማስታወሻ ነው። የቢሮው ቋንቋ አንድ፣ የሥራው ቋንቋ ሌላ መሆኑ ለዚህ ምዕራፍ ዋናው ነጥብ ስለሆነ ወደ ኋላ በሰፊው ይታያል።

የጤና ባለሙያን በቃለ መጠይቅ መምረጥ በኢትዮጵያ እንደሚታሰበው የቆየ ልማድ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠን ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመራቂው ዕድል የሚወሰነው በመንግሥት ምደባ ነበር። ሐኪሞችም የሚሄዱበትን ክልል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በሚያወጣው ዕጣ እስኪያውቁ ድረስ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው የሚጠብቁበት ዘመን ረጅም ነበር። ዕጣ ሰውን አይመርጥም፤ ነገር ግን ማንንም አያዋርድም፣ ማንንም በዘመድ አያስቀድምም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተመራቂው ቁጥር ከመደቡ ቁጥር በልጦ ሥራ ፈላጊ ሐኪምና ነርስ መታየት ሲጀምር፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ሲጨመር፣ የጤና ባለሙያው እንደማንኛውም ሥራ ፈላጊ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ መዝጋቢ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ወደ ፈታኝ ኮሚቴ የሚሄድ ሰው ሆነ። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የመምረጥ ሥልጣን ያገኘው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የመምረጥ ጥበብ ግን ከሥልጣኑ ጋር አብሮ እንደማይመጣ ግልጽ ነው።

ከዚህ አጠቃላይ ታሪክ ውስጥ ቢዮ አዋሌን በቀጥታ የሚነካው ክፍል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትባለው በመንግሥት ደመወዝ የምትተዳደር፣ በቀበሌ ጤና ኬላ የምትመደብ፣ ነገር ግን ከጊዜዋ ሦስት አራተኛ ያህሉን ከጤና ኬላው ውጪ ቤት ለቤት እየዞረች እንድታሳልፍ የታሰበች ባለሙያ ናት። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ አምስት ጤና ኬላዎችም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ተሳስረው 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ የፕሮግራሙ ቀመር ያዛል። ሲጀመር 16 የነበሩት የአገልግሎት ፓኬጆች በቤተሰብ ጤና፣ በበሽታ መከላከልና መቆጣጠር፣ በንጽሕናና በአካባቢ ጤና እንዲሁም በጤና ትምህርት ሥር የተመደቡ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ በዚህ መንገድ ሥራ የያዙት ሴቶች ከ30,000 በላይ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ይህን ያህል ቁጥር ላላቸው ወጣት ሴቶች በአንድ ጊዜ የደመወዝ በር የከፈተ ሌላ የመንግሥት ቅጥር መጥቀስ አስቸጋሪ ነው።

ፕሮግራሙ ሲጀመር ለእነዚህ ሴቶች የወጣው መመዘኛ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አመልካቿ ሴት እንድትሆን፣ ዕድሜዋ 18 ዓመት የሞላ እንዲሆን፣ 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች፣ የቀበሌው ነዋሪና የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር እንድትሆን ይጠይቅ ነበር። መራጩም ከቀበሌውና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጀምሮ የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ተወካዮች የያዘ ኮሚቴ ነበር። ምርጫው ይካሄድ የነበረው ከሥልጠናው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፤ 30 በመቶው በክፍል፣ 70 በመቶው በተግባር ይሰጥ የነበረው የአንድ ዓመት ሥልጠና ይከተል የነበረው ከተመረጠች በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ኮሚቴው ፊት የምትቀመጠው ልጅ ገና ስለ ክትባት መርሐ ግብር የምታውቀው ከእናቷ ካርድ ያየችውን ያህል ነው። ኮሚቴው ሊለካ የሚችለው የሕክምና ዕውቀቷን ሊሆን አይችልም፤ መማር መቻሏን፣ በሕዝቡ ዘንድ መታመኗን፣ በእግር መሄዱንና በቀበሌው መኖሩን መቀበሏን ነው። ይህ ልዩነት በፈታኞች ዘንድ ካልጠራ፣ የትምህርት ቤት ጥያቄ የሚመስል ነገር ተጠይቆ በትምህርት ቤት ስሌት ነጥብ ይሰጣል፤ የ10ኛ ክፍል ውጤቷ አስቀድሞ የተናገረውን ቃለ መጠይቁ ይደግመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው መመለስ ይቻላል። ከቢዮ አዋሌ የሚመጣ አመልካች ከተማ ወርዶ በአማርኛ ሲጠየቅ የሚያጋጥመው ችግር አማርኛ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ የአካባቢው ወጣቶች አማርኛን ከገበያም ከትምህርት ቤትም ያውቁታል። ችግሩ ሥራው የሚሠራበትን ሐሳብ በማይሠራበት ቋንቋ እንዲገልጹ መገደዳቸው ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች የገጠር እናት ስለ እርግዝናዋ ስትናገር ኡልፋ፣ ስለ ልጇ ክትባት ስትጠየቅ ታላሊ የሚሉትን ቃላት ትጠቀማለች እንጂ በቢሮ ሪፖርት የተለመዱትን የአማርኛ ስያሜዎች አትጠቀምም። አመልካቿም እነዚህን ነገሮች የሰማችው፣ የምታስረዳቸውም በዚያው አንደበት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስትጠየቅ መልሱን በአእምሮዋ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየገለበጠች ትዘገያለች፤ ፈታኙም ያንን መዘግየት እንደ አለማወቅ ይመዘግበዋል። በተቃራኒው፣ ነዋሪነትና የአካባቢው ቋንቋ ባልተጠየቀበት መደብ፣ አማርኛው የሚቀናው የከተማ ልጅ በፍጥነት መልሶ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ቢዮ አዋሌ ሲደርስ ግን የቤት ለቤት ጉብኝቱን በአስተርጓሚ ሊያደርግ ነው። ፈተናው ያኔ የለካው ለሥራው የሚፈለገውን ችሎታ ሳይሆን ተቃራኒውን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቋንቋው ጋር የተያያዘ፣ ምናልባትም ከእሱ የበለጠ የሚጎዳ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የአቀማመጥና የአነጋገር ሥርዓት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠርም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በጨዋ ደንብ ያደገች ልጅ በታላላቆች ፊት ስትቀርብ ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች፣ ድምፅዋን ታለሳልሳለች፣ ስለ ራሷ ብዙ አትናገርም። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን፤ ከሌሎቹ በምን ትበልጫለሽ?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የቃለ መጠይቅ መክፈቻ ቢሆንም፣ ራስን ማወደስ ነውር በሆነበት አስተዳደግ ውስጥ ያለፈችን ልጅ ሁለት ጊዜ ይፈትናታል፤ አንድ ጊዜ መልሱን እንድታውቅ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የተማረችውን ጨዋነት እንድትጥል። በነጥብ መስጫ ቅጹ ላይ «በራስ መተማመን» የሚል ረድፍ ካለ፣ ያው ጨዋነት እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ይቀነስባታል። እናት ቤት ገብታ ስትቀመጥ ግን በሩን የሚከፍትላት ያው ዝቅ ያለ ዓይንና ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። በአማርኛ ይሉኝታ የሚባለው ይህ ባሕርይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥራ እንቅፋት ሳይሆን መሣሪያ መሆኑን የማያውቅ ፈታኝ፣ የሚፈልገውን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ያጣዋል።

የፈታኝ ዓይን የሚሳሳትበት ሌላም መንገድ አለ፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ በአንድ መልካም ገጽታ የተማረኩበትን ሰው በሌሎቹም ባሕርያት ሁሉ ከፍ አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። ይህ ዝንባሌ በእንግሊዝኛ «ሄይሎ ኢፌክት» ይባላል፤ ትርጉሙ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ እንደሚታየው ብርሃን ያለ፣ አንድ ነገር ሌላውን ሁሉ የሚያበራበት ስሕተት ማለት ነው። አመልካቿ ስትገባ የለበሰችው ልብስ፣ የአባቷ ስም ለአንዱ ፈታኝ የሚታወቅ መሆኑ፣ ወይም የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳትደናቀፍ መመለሷ የቀሩትን ጥያቄዎች ነጥብ ሁሉ ይጎትታል። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ይሠራል፤ መጀመሪያ የተንተባተበች ልጅ በኋላ የምትሰጠው ጥሩ መልስ አይሰማላትም።

መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት ምርምር በኋላ በጣም ተራ ሆኖ ተገኝቷል። የቃለ መጠይቅ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ቃለ መጠይቅ ይለያሉ። አንደኛው ፈታኙ በጊዜው የመጣለትን የሚጠይቅበት ልቅ ቃለ መጠይቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚቀርብበት፣ የጥሩና የደካማ መልስ ምሳሌም አስቀድሞ ተጽፎ ነጥብ የሚሰጥበት የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ነው። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ባደረጉት ትንተና፣ የተዋቀረው ቃለ መጠይቅ ነጥብ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42፣ የልቁ ደግሞ 0.19 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መለኪያ ዜሮ ሲሆን ፈተናው ስለ ሥራው ምንም አይናገርም፣ አንድ ሲሆን ደግሞ ፍጹም ይተነብያል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ውድ መሣሪያ ወይም የውጭ አማካሪ አይደለም፤ ፈታኞቹ አመልካች ከመግባቱ በፊት ተቀምጠው ጥያቄውንና የመልሱን መመዘኛ በወረቀት ማስፈራቸው ነው። ይህ በቢዮ አዋሌም ሆነ በየትኛውም የገጠር ቀበሌ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

በቃል ከሚጠየቀው ይልቅ በእጅ የሚታየው ይበልጥ የሚናገርበት ሁኔታም አለ። ለምሳሌ ለጤና ጣቢያ ነርስ ወይም ልምድ ላላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሚደረግ ቅጥር፣ በየጤና ኬላው የሚገኘውን ባለ ሦስት ቀለም የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ መስጠት ይቻላል። ጥብጣቡ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን በግራ ክንዱ ላይ፣ በትከሻና በክርን መካከል ባለው እኩሌታ ላይ ይጠመጠማል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ሲሆን ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን አረንጓዴ ያሳያል። አመልካቿ ክንዱ ዘና ማለቱን ታረጋግጣለች ወይስ አታረጋግጥም፣ ጥብጣቡን ታጠብቀዋለች ወይስ ታላላዋለች፣ ቀዩን ስታይ ለእናትየዋ ምን ትላታለች፣ የሚለውን ለመመልከት አምስት ደቂቃ ይበቃል። «የተመጣጠነ ምግብ እጥረትን አብራሪ» ከሚለው ጥያቄ በግማሽ ሰዓት የማይገኘው በዚህ አምስት ደቂቃ ይገኛል። እናትየዋን ሆና የምትጫወተው ሰው አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር ከሆነች ደግሞ፣ የቋንቋው ጥያቄም ሳይጠየቅ በዚያው ይመለሳል።

ስለ አመልካቹ ፍላጎት የሚቀርበው የተለመደ ጥያቄም ሊታሰብበት ይገባል። ኮሚቴዎች ሕዝብን ለማገልገል የሚፈልግን ከደመወዝ ፈላጊ መለየት እንደሚገባቸው ያምናሉ፤ አመልካቹም ይህን ስለሚያውቅ ስለ ደመወዝና ስለ እድገት መጠየቅን እንደ ጥፋት ይፈራዋል። በዛምቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ለገጠር የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ያወጣው ምልመላ ይህን እምነት የሚፈትን ማስረጃ ሰጥቷል። በአንዳንድ ወረዳዎች የተለጠፈው ማስታወቂያ የሙያ እድገትን፣ በሌሎቹ የተለጠፈው ደግሞ ማኅበረሰብን ማገልገልን ጎላ አድርጎ ነበር። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳተሙት፣ የእድገት ተስፋ አይተው የመጡት ሠራተኞች ከሌሎቹ 29 በመቶ የበለጠ የቤት ለቤት ጉብኝት አድርገዋል። ለቤተሰብዋ የመጀመሪያ ደመወዝተኛ የምትሆን የቢዮ አዋሌ ልጅ ስለ ደረጃ እድገትና ስለ ቀጣይ ትምህርት ብትጠይቅ፣ ጥያቄው ለሥራው ያላትን ቁም ነገር የሚያሳይ እንጂ የሚያጎድል አይደለም።

እስካሁን የተባለው ስለ ምርጫው ትክክለኛነት ነው፤ አመልካቹ በዚያ ቀን የሚደርስበት ስሜት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ተመራማሪው ስቲቨን ጊሊላንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰዎች አንድን የቅጥር ሂደት ፍትሐዊ ወይም ኢፍትሐዊ የሚሉት በውጤቱ ብቻ ሳይሆን በአካሄዱም ጭምር መሆኑን አብራርቷል። ጥያቄው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ ችሎታን ለማሳየት በቂ ዕድል መሰጠቱ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር መኖሩ፣ ውጤትና ምክንያቱ በወቅቱ መነገሩ፣ አመልካቹ በክብር መስተናገዱና እሱም መጠየቅ መቻሉ ከዘረዘራቸው መሠረቶች መካከል ናቸው። እነዚህን ወደ ኢትዮጵያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይዞ መምጣት ቀላል ነው። ኦርጅናልና ኮፒ ማስረጃ ይዛ በማለዳ ከገጠር የተነሣች ልጅ የተባለው ሰዓት አልፎ፣ ኮሚቴው አልተሟላም ተብሎ፣ በረንዳ ላይ እስከ ከሰዓት ስትቆይ የትራንስፖርቱ ዋጋ እጥፍ ይሆንባታል። ከገባች በኋላ ከፈታኞቹ አንዱ ስልክ ሲያነሣ ዕድሏ ይቆረጣል። ስትወጣ የምትሰማው «እንደውልላችኋለን» የሚል ቃል ሲሆን፣ ስልኩ ካልተደወለ ውድቀቷን የምታውቀው ሌላ ሰው ሥራ ሲጀምር በማየት ነው። ከዚያ በኋላ «ያለ ዘመድ አይሆንም» የሚለው ንግግር ይወለዳል፤ ምርጫው በእውነት ትክክል ሆኖ እንኳ ይወለዳል፤ ያልተነገረን ምክንያት ሰው በራሱ ግምት ይሞላዋልና። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ደግሞ ያልተመረጠችው ልጅና ቤተሰቧ የተመረጠችው ሠራተኛ ነገ በራቸውን የምታንኳኳባቸው ሰዎች ናቸው። ቅሬታው የሚቀረው በቅጥር ፋይሉ ውስጥ አይደለም፤ ጤና ኬላው የሚያከማቸው የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ፣ «ቤት አልተገኙም» በሚል ማስታወሻ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

በአጭሩ መታየት የሚገባው ሌላ ጉዳይ ፈጽሞ ሊጠየቁ የማይገባቸው ጥያቄዎች ናቸው። «መቼ ታገቢያለሽ? ልጅ ለመውለድ አስበሻል?» የሚሉ ጥያቄዎች ለጤና መደብ በሚወዳደሩ ሴቶች ላይ ሲቀርቡ ይሰማል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ እድገትና በክፍያ የእኩልነት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደግሞ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላገኙ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ውክልና ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ ሰጥቷል፤ ከተቀጣሪ በሚጠየቀው የጤና ምርመራም የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዳይካተት አድርጓል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ቢተካም፣ መንፈሱ ለፈታኞች ሊያስተምር የሚችል ነው። ለግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በአካል ጉዳትና በኤች አይ ቪ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። በቢዮ አዋሌ ምሳሌ ላይ ደግሞ ጥያቄው ከሕግም በፊት ከሥራው ጋር ይጋጫል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ወሊድ የምትናገረው ከእናቶች ጋር ነው፤ እናት መሆኗ የሥራ ልምድ ነው።

ስለዚህ በቢዮ አዋሌም ሆነ በሌላ የገጠር ቀበሌ ለጤና ሥራ ሰው ለመምረጥ የሚቀመጡ ኮሚቴዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ፤ ጥያቄዎቻቸውን ከአመልካቾቹ በፊት ይጻፉ፣ ቢያንስ አንዱን ክፍል ሥራው በሚሠራበት በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይጠይቁ፣ ያልመረጧትንም ልጅ ጠርተው የት ቦታ ነጥብ እንዳጣች በቃል ይንገሯት።